የመርስዔ ኀዘን ይበል

መርስዔ ኀዘን ምስጋና አባካኝ ነበር። የሠራውን ምንጣፍ የገዛለትን ያመሰግናል፤ ተከራክሮ ተከራክሮ ሳይገዛ የሄደውንም ያመሰግናል። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ አድሮ ሰፈሩ ሁሉ ዓይኑን እያሸ ሲነሣ፣ እሱ እናትየውን "ይኼን ድምፅ ለዜማ ያድርገው" ብሎ ደስ አሰኝቷት ያልፋል። የብርጓል የምትባለው ሚስቱ ጨው የረሳችበትን ወጥ እንኳ "ዛሬ በርበሬው በደንብ ተሰማኝ" እያለ ነው የሚበላው። እሷ ግን አትሸወድም፤ ተነሥታ ጨው ታመጣለታለች።

ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲት ቃል ነበረችው፤ "ይበል"። የቅኔ ቤት ቃል ናት። ተማሪው ቅኔውን ሲናገር ሰሙና ወርቁ የገጠመለት እንደሆነ መምህሩ "ይበል" ይሉታል፤ ደግ ብለሃል፣ እንዲህ ነው እንጂ ማለታቸው ነው። መርስዔ ኀዘን ይህችን ቃል ለጫማ ሰፊውም፣ ለሻይ ቀጂውም፣ ማዕበል ለሚገፋው ባለ ታንኳም ሲያድል ኖሯል። ለራሱ ግን አንድም ቀን ደርሳው አታውቅም። ከዚህ ዓለም ምን ትሻለህ ቢሉት የጠፋ ዓይኑን እንኳ አይጠይቅም ነበር፤ ከአንድ ሰው አፍ አንዲት "ይበል" ብትወጣለት ይበቃው ነበር። ያ ሰው የቅኔ መምህሩ የኔታ ወልደ ሐዋርያት ናቸው።

የተወለደው ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። አራት ዓመት ሲሞላው ፈንጣጣ ገባና ሁለቱንም ዓይኖቹን ይዞበት ሄደ። እናቱ አለቀሰች፤ አባቱ ግን ጠንካራ ገበሬ ነበርና "ጆሮውን ትቶልኛል" አለ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እጁን ይዞ ወስዶ ለየኔታ ሰጠው። ዳዊቱን በቃሉ ለመያዝ ጊዜ አልፈጀበትም፤ በዜማውም አልሰነፈም። ጣጣው የመጣው ቅኔ ቤት ሲገባ ነው።

የኔታ ወልደ ሐዋርያት ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። ተማሪ ቅኔውን ነግሮ ሲያበቃ "ጨረስህ?" ይላሉ። "ጨረስሁ፣ የኔታ" ሲላቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ ዝምታ በኋላ "ሂድና ተመለስ" ካሉ ቅኔው ወድቋል። "ይበል" ካሉ ተማሪው ያን ቀን ለምኖ ያመጣውን እንጀራ ለጓደኞቹ ያካፍላል። ከዚህም በላይ አንድ ማዕረግ አለ፤ "ድገመው" ማለት። ሌሎቹ ተማሪዎች በቃላቸው እንዲይዙት ደግሞ ይነገር ማለት ነው። የኔታ ይህን ያሉት በዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከጎርጎራ በኩል ለመጣ አንድ ተማሪ። ያም ተማሪ ኋላ የታወቀ መምህር ወጣው።

መርስዔ ኀዘን ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ቆየ። ችሎታ አላነሰውም፤ ያነሰው ትዕግሥት ነው። የሌላው ተማሪ ቅኔ ገና መካከሉ ላይ ሳለ ምሥጢሩ ቀድሞ ይገለጥለትና "ይበል" ብሎ ይጮኻል። ተማሪው ይደነግጣል፤ የቀረው ይጠፋበታል። የራሱንም ሲናገር እንዲሁ ነው፤ ወርቁ ሊወጣ ሲል ቀድሞ ደስ ይለውና ሳቁ ያመልጠዋል፣ የመጨረሻዋ ቤት ትሰበርበታለች። "ጨረስህ?" ይሉታል የኔታ። "ጨረስሁ" ይላል። "አልጨረስህም" ይሉታል። ይህችን "አልጨረስህም" ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሰማ ከኖረ በኋላ አንድ ቀን ሆድ ባሰውና አኮፋዳውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሳይሰናበት፣ ባሕር ዳር ገባ።

የገባው በአብዮቱ ማግሥት ነው። ከተማው በሰልፍና በስብሰባ ሲታመስ እሱ የሚፈልገው ሥራ ነበር። ከሐይቁ ዳር በሚታጨድ ደንገል ምንጣፍ የሚሠሩ ዓይነ ስውራን ማኅበር ነበራቸው፤ ተቀበሉት። እጁ ቶሎ ለመደ። ደንገሉን በሸክም የምታቀርብላቸው የብርጓል የምትባል ሳቂታ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በሆነ ነገር ስትስቅ ሰማና "ይበል" አላት። እሷም ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችው። ማስረዳቱ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ፤ በዚያው ተጋቡ።

ኑሮው እንዲህ ሲሄድ በ1974 ዓ.ም. ፔዳ በሚባለው የመምህራን ኮሌጅ የሚያስተምር አስናቀ የሚባል የስፖርት መምህር ወደ ማኅበሩ መጣ። ባሕር ማዶ ለሥልጠና ሄዶ ለዓይነ ስውራን የተፈጠረ ጨዋታ አይቷል፤ ጎልቦል ይሉታል። ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሰው ይሰለፋል። ኳሷ በሆዷ ቃጭል ይዛለች። አንዱ ወገን በወለሉ ላይ አንከባልሎ ይለቃታል፤ የወዲያኛው ወገን ድምፅዋን እየሰማ መሬት ላይ ተዘርሮ በገላው ይመክታታል። ግቡ የሜዳው ወርድ ሙሉ ነው፣ ዘጠኝ ሜትር። ሁሉም ዓይኑን በጨርቅ ይሸፈናል። ይህን ሲሰማ ኑርሑሴን የሚባለው የማኅበሩ አባል፣ ዓይነ ስውር ደግሞ ዓይኑን የሚሸፈነው ምን እንዳያይ ነው ሲል ጠየቀ። መምህር አስናቀ አንዳንዱ ጭላንጭል ስለሚያይ እኩል እንዲሆኑ ነው ብሎ አስረዳው። ኑርሑሴንም ሳቀና እሺ አለ።

የጨዋታው ዋና ሕግ ዝምታ ነው። ኳሷ ስትንከባለል ተመልካቹ ትንፍሽ አይልም። ከወርዋሪው ወገን አንዱ ድምፅ ቢያሰማ፣ ያ ድምፅ ተከላካዩን ያደናግረዋልና፣ የገባው ግብ ይሻራል፤ ባለ ድምፁም ይቀጣል። ቅጣቱ፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ከሜዳ ወጥተው ያንን ዘጠኝ ሜትር ለብቻው መጠበቅ ነው። መርስዔ ኀዘን ሕጉን ሲሰማ ሕጉንም አመሰገነ፤ በማን ላይ እንደሚወድቅ ገና አላወቀም።

ሦስቱ ተመረጡ። ኑርሑሴን ከተወለደ ጀምሮ አያይም፤ ከቅመም ነጋዴ ቤተሰብ የተገኘ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው፤ ክንዱ የበርበሬ ጆንያ በማንሣት የተሠራ። አምባቸው በኦጋዴን ጦርነት ፈንጂ ዓይኑን የወሰደበት ወታደር ነው፤ ማዘዝ ስለለመደ የመካከሉን ቦታ ያዘ። መርስዔ ኀዘን ጆሮው ስለተመሰከረለት የግራውን ጥግ ተሰጠው። የሚለማመዱበት ለስላሳ ወለል ያለው የቀበሌው አዳራሽ ብቻ ነበር፤ አዳራሹ ደግሞ ስብሰባ አያጣም። ስብሰባው ሲበተን እነሱ ይገባሉ። ያ አዳራሽ ከተሠራ ጀምሮ ጸጥታ የሚባል ነገር የሰማው በነሱ ጊዜ ነው። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሊያያቸው መጥቶ ጓድ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ ተባለ። እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ነገሩ ተስማማውና ከስብሰባ ድካም ለማረፍ ሲል በየጊዜው እየመጣ ጥግ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

ኳስ አልነበራቸውም። መምህር አስናቀ አሮጌ የቅርጫት ኳስ አመጣ፤ ኑርሑሴን ከአጎቱ በቅሎ አንገት ላይ ሻኩራ ፈትቶ ሰጠ፤ ጫማ ሰፊው ኳሱን ቀዶ ሻኩራውን ከቶ ሰፋው። የመጀመሪያው ቀን ኑርሑሴን ኳሷን አንከባለለ። ሻኩራው እየተንሿሿ ወደ መርስዔ ኀዘን መጣ። መርስዔ ኀዘን ደግሞ የደንብ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ባለ በቅሎ ሲመጣ ሻኩራውን ሰምቶ መንገድ መልቀቅ እንደሚገባ ተምሯል። ፈቀቅ ብሎ አሳለፋት፤ እጅም ነሣ። ኳሷ ግብ ገባች። መምህር አስናቀ ከሳቁ የተነሣ ፊሽካውን መንፋት አቃተው።

መንገድ መልቀቁን በሁለት ቀን ረሳ፤ "ይበል"ን ግን መርሳት አልሆነለትም። የኑርሑሴን አጣጣል ያምራል። ዝቅ ብሎ፣ ክንዱን ከኋላ አምጥቶ ሲለቃት፣ ኳሷ ሳትነጥር ወለሉን ልሳ ትሄዳለች። መርስዔ ኀዘን መሄዷን ሲሰማ የት እንደምትደርስ ቀድሞ ይታወቀዋል፤ ገና መካከል ሳትደርስ "ይበል" ይላል። ፊሽካ። ግቡ ይሻራል። መምህር አስናቀ ዝም አይነቅዝም እያለ መከረው። አምባቸው በወታደር ቤት ቋንቋ ሰደበው። ኑርሑሴን "መሪጌታ፣ ስታመሰግነኝ ትዘርፈኛለህ" አለው፤ መሪጌታ የሚለው ለማሾፍ ነው። መፍትሔውን ያመጣች የብርጓል ናት። ጥሬ ባቄላ ሰጠችውና በፊት ጥርሱ ነክሶ እንዲይዛት አዘዘችው። ባቄላዋ እንዳትወድቅ አፉን አይከፍትም። ሠራች። ከዚያ ወዲያ ለየጨዋታው አንዳንድ ባቄላ በመሐረብ ቋጥራ ትልከው ነበር።

በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጋጥመው አሸነፉ። በዚህም ምክንያት በ1975 ዓ.ም. በነሐሴ መግቢያ፣ የብዙ አገር አካል ጉዳተኞች በልዩ ልዩ ስፖርት ለሚወዳደሩበት ጨዋታ ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንዲሄዱ ተወሰነ። የብርጓል መሐረቡን ቋጠረች። የጉዞው ወሬ በገበያተኛ አፍ ሐሙሲት ደረሰና የኔታም ሰሙ። ምን አሉ ብሎ መርስዔ ኀዘን ወሬ አመላላሹን ጠየቀው። "ቅኔውንስ ጨረሰው ወይ፣ ነው ያሉት" አለው ገበያተኛው። መርስዔ ኀዘን ሳቀ፤ ማታውን ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። ዘጠኝ ዓመት አልፎ፣ ሚስት አግብቶ፣ ሰማይ ሊበርር ነው፤ የኔታ ግን ያንኑ አንድ ነገር ይጠብቃሉ። እሱም ያንኑ አንድ ቃል ይጠብቃል።

ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ያረፉባት ከተማ ጭስና ዝናብ የሚሸት ንጹሕ አስፋልት ነበራት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ ተሰጥቷቸው ነበር፤ የኑርሑሴን ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል። ምግቡ ሌላ ጣጣ ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ መርስዔ ኀዘን ሥጋም ወተትም አይነካም፤ ኑርሑሴን የአሳማ ነገር አለበት ብሎ ድስቱን ሁሉ ይጠረጥራል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ድንች ላይ ተገናኙ። የሁለቱን ድርሻ ሥጋ አምባቸው ያለ ምንም ጥርጥር በላላቸው።

እዚያ የሚማር አገኘሁ የሚባል የጎንደር ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ተመደበላቸው። የመጀመሪያውን ጨዋታ በሰፊ ግብ ተሸነፉ። የፈረንጆቹ ኳስ ቃጭል ከበቅሎ ሻኩራ ጋር ሲተያይ ሹክሹክታ ነው፤ ኳሷ ግብ ከገባች በኋላ ነው የሰሟት። በሁለተኛው ትንሽ ሰሙ፤ አንድ ግብም አገቡ፤ ግን ተሸነፉ። የቀረው ሦስተኛውና የመጨረሻው ከባለ አገሮቹ ጋር ነበር። አምባቸው ከዚህ ሁሉ አገር መጥተን አንድ ሳናሸንፍ ወይም አቻ እንኳ ሳንወጣ ከተመለስን ሊቀ መንበሩ ጥጉን ይተወዋል አለ። በቀልድ ቢለውም ሁሉም ነገሩን ከልቡ ወሰደው።

ባለ አገሮቹ ውስጥ ዲተር የሚባል ረጅም ሰው ነበር። ሲወረውር ድምፅ የለውም፤ እግሩ አይሰማም፣ ትንፋሹ አይሰማም። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ቃጭሏ ደከም ብሎ ይጀምርና ድንገት ጆሮ ሥር ይደርሳል። በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት አገባባቸው፤ ሁለተኛዋ በመርስዔ ኀዘን እግርና በግቡ ምሰሶ መካከል በአንድ ስንዝር ክፍተት ነው የገባች። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ፣ መናገር ሲፈቀድ፣ መርስዔ ኀዘን ባቄላውን በምላሱ ወደ ጉንጩ ገፋና ወደ ወዲያኛው ወገን ዞሮ ጮክ ብሎ "ይበል" አለ። ከልቡ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ውርወራ ሰምቶ አያውቅም።

ኑርሑሴንም አልሰነፈም፤ በዚያው ግማሽ ሁለት አገባ። ሁለት ለሁለት ሆነው ዕረፍት ወጡ። በዕረፍቱ ዲተር አገኘሁን አስጠርቶ ያ ሰው የጮኸብኝ ስድብ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። አገኘሁም አይደለም፣ በአገራችን የተማረ ሰው ግጥም ሲያምርለት መምህሩ የሚለው ቃል ነው አለው። ዲተር ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በአፉ አመላለሳት፤ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሁለተኛው ግማሽ ረዘመ፤ ወይም የረዘመ መሰላቸው። ኳሷ ትመጣለች፣ ይመክታሉ፣ ይልካሉ። የመርስዔ ኀዘን ጎን በርብርቡ ቀልቷል። የብርጓል ከበግ ለምድ የሰፋችለት የጉልበት መከለያ ባይኖር ኖሮ ጉልበቱም አይተርፍም ነበር። ሆዱ ባዶ ነው፤ ከትናንት ማታ ወዲህ የቀመሰው ሁለት ድንች ነው። ባቄላዋ ደግሞ በምራቁ ርሳ ለስልሳለች። ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር፣ ሳያስበው፣ አኘካትና ዋጣት። መዋጡንም ልብ አላለ።

ያን ጊዜ ኑርሑሴን ኳሷን ያዘ። መርስዔ ኀዘን ዝቅ ማለቱን ሰማ፤ ልብሱ ሲንሸራተት፣ ክንዱ ከኋላ ሲመጣ። ኳሷ ወለሉን ልሳ ወጣች። እንዲህ ያለች ኳስ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም አልተወረወረችም። ቃጭሏ አይንገጫገጭም፤ ቀጭን ክር ሆኖ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ማንም ወደማይጠብቃት ጥግ። መርስዔ ኀዘን የት እንደምትገባ ገባው። ባቄላ የለም። "ይበል" አለ።

ኳሷ ገባች። ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው በፈረንጅኛ ተናገረ፤ አገኘሁ ከዳር ሆኖ ግቡ ተሽሯል፣ ቅጣት ነው አለ። ኑርሑሴን ወለሉን በመዳፉ መትቶ ተነሣና ወጣ። አምባቸው ከሜዳ ሲወጣ በአጠገቡ አለፈና ባቄላዋ የት ሄደች ብሎ ጠየቀው። "በላኋት" አለ መርስዔ ኀዘን። ይህን ሲል ከሐፍረቱ የተነሣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ከሰባት ዓመት ድካም በኋላ ከቅኔ ቤት ያባረረችው ምላስ እነሆ ተከትላው ባሕር ማዶ መጥታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

ሁለቱ ወጡ። ዘጠኝ ሜትር ግብ ላይ ብቻውን ቀረ። በእጁ ከኋላው ያለውን መረብ ዳሰሰ፤ ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ገመድ በጣቱ አገኘና መካከሉ ላይ ተንበረከከ። ወርዋሪው ዲተር ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ትንፋሹን ሲይዝ የሚመጣውን ጸጥታ መርስዔ ኀዘን ያውቀዋል፤ የኔታ "ጨረስህ?" ካሉ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ነው። ያን ጸጥታ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ታግሦት አያውቅም፤ ይስቃል፣ ይጨምራል፣ ያስረዳል፣ የሆነ ነገር ይልበታል።

ኳሷ ተለቀቀች። ቃጭሏ ደከም ብሎ ጀመረ። ጆሮው ወደ ግራ ናት አለው። ገላውም ሊወድቅ ተነሣ። ገና ናት፣ አልጨረሰችም አለ በልቡ። አልተንቀሳቀሰም። ኳሷ መካከል ደረሰች፤ ቃጭሏ ጠራ፤ እየተጠማዘዘች ወደ ቀኝ አጋደለች። አሁንም ጠበቃት። የመጨረሻዋን ዙር ስትዞር ሰማትና ያን ጊዜ ወደ ቀኝ እንዳለ ተዘረረ። ደረቱን መታችው፤ አገጩን ገጨችው፤ ሁለቱን እጁን ጠቀለለባትና ሆዱ ላይ ይዞ ቀረ። ቃጭሏ ዝም አለ።

ፊሽካው ተነፋ። ከጭብጨባው በፊት፣ ሰዉ ኳሷ መያዟን ገና እያጣራ ሳለ፣ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

"ዪቤል" አለ ዲተር።

መርስዔ ኀዘን ከወለሉ አልተነሣም። ዓይኑን የሸፈነው ጨርቅ ውስጥ እንባው ሞላ። ቃሏን የሰጠው ሰው ትርጉሟን በቅጡ አያውቅም፣ ግእዝ አያውቅም፣ ቅኔ ምን እንደሆነ አያውቅም። ቢሆንም ቃሏ ቃሏ ናት፤ ሲጨርስ የመጣች ናት፤ በሕይወቱ የመጀመሪያዋ ናት። ኳሷን እንዳቀፈ አለቀሰ። ሰዉ አገጩን አሞት መሰለው።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት አለቀ። ኑርሑሴን ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ሲንገራገጭ የመርስዔ ኀዘንን ክንድ ጨበጠና "ግቤን በላህ፣ ባቄላህንም በላህ፤ እንግዲህ ሌላ የምትበላው የለም፣ ታረቅን" አለው። ባሕር ዳር ሲደርሱ ቀበሌው በአዳራሹ ተቀበላቸው፤ ሊቀ መንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ። መርስዔ ኀዘንም ሊናገር ተጋበዘ። አመሰግናለሁ ብሎ ተቀመጠ። የብርጓል አሞሃል ወይ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

አላመመውም፤ ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንገሉን ሲጎነጉን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ቃል ያነሣል፣ ይጥላል፣ ሌላ ያነሣል። መስከረም ሊጠባ ሲል ተጀምሮ መስከረም ሊያልቅ ሲል አለቀለት። ወሩ ካህኑ ዘካርያስ የሚታሰብበት ወር ነው። አንድ ማለዳ የብርጓልን ሐሙሲት ውሰጂኝ አላት። አውቶቡስ ያዙ፤ ከሐሙሲት ወርደው በጭቃው ውስጥ ሁለት ሰዓት ሄዱ።

የኔታ ወልደ ሐዋርያት እንደ ድሮው ዋንዛው ሥር ተማሪ ሰብስበው ተቀምጠው ነበር። ድምፃቸው ሳስቷል። መርስዔ ኀዘን ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሳይሰናበት በመሄዱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ ባቄላዋንም ሳይደብቅ፣ ነገራቸው። ተማሪዎቹ በባቄላዋ ሳቁ። የኔታ አልሳቁም። የፈረንጁም ይበል ይበል ነው፣ ይቆጠርልህ አሉት። ቀጠሉና "እኔ ዘንድ ግን ያለብህ ኳስ አይደለም" አሉ።

"አውቃለሁ፣ የኔታ" አለ መርስዔ ኀዘን። ቆመ። ነጠላውን አስተካከለና ተናገረ።

ጉባኤ ቃና ነበረች፤ ከቅኔ ሁሉ አጭሯ፣ ሁለት ቤት ብቻ። ሰሟ፣ የሰው አዳራሽ ዝም ሲል የኳሷ ድምፅ ለአንድ ዕውር ተሰማለት ይላል። ወርቋ፣ ዘካርያስ አፉ ተዘግቶ ዝም ሲል በምድረ በዳ የሚጮኸው ድምፅ ዮሐንስ ተገኘ ይላል። መርስዔ ኀዘን የመጀመሪያዋን ቤት አለ። ወርቁ ሊወጣ ሲል ሳቁ ጉሮሮው ላይ መጣ፤ እንደ ኳሷ ጠበቀው፤ አለፈ። ሁለተኛዋን ቤት እስከ መጨረሻዋ ፊደል ተናግሮ ዘጋት።

"ጨረስህ?" አሉ የኔታ።

"ጨረስሁ፣ የኔታ።"

ጸጥታው መጣ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሊስል ፈልጎ ተወው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጥቶ የዋንዛውን ቅጠል አንቀሳቅሶ ሄደ። የብርጓል ባሏ አንድ ነገር ይጨምራል ብላ ፈርታ የነጠላውን ጫፍ ይዛለች። መርስዔ ኀዘን ምንም አልጨመረም። ሂድና ተመለስ ቢሉትም ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ለዚያም ተዘጋጅቷል። እጁን አጣጥፎ ቆመ።

"ድገመው" አሉ የኔታ።

ተማሪዎቹ ተንጫጩ፤ ከዚያ ሊይዙት ጆሯቸውን ሰጡ። መርስዔ ኀዘን አፉን ከፈተ፣ ድምፁ ግን እንቢ አለው። ያ ሁሉ ምላስ፣ ለጫማ ሰፊውም ለሻይ ቀጂውም የማይጠፋው ቃል፣ ዛሬ ጠፋ። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ለመጥረግም አልሞከረ። የኔታ አልቸኮሉም። ቀስ ብለው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ አልቅሶ እስኪጨርስ ጠበቁት።